አዲስ የሂሳብ ደረጃ ሲመጣ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የተሰጠን ርዕስ ድርጅቶች አዲስ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ እንዴት እንደሚቀበሉና መቀበላቸውን ለባለቤቶቻቸው እንዴት እንደሚያሳውቁ የሚል ነው። ስሙ ሲሰማ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከዕቁብና ከቁጠባ ባጠራቀምነው ብር የባንክ ወይም የኢንሹራንስ አክሲዮን ገዝተናል። ለጠቅላላ ጉባኤ እንጠራለን፤ አንድ ወፍራም መጽሔት ይታደለናል፤ የሊቀመንበሩን መልእክት እናነባለን፤ ፎቶግራፎቹን እናያለን፤ በመጨረሻ «ዘንድሮ ለአንድ አክሲዮን ስንት ደረሰ?» ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የመጽሔቱ የኋለኛ ገጾች፣ በደቃቅ ፊደል የታተሙት ማብራሪያዎች፣ ሳይገለጡ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራሉ። ስለ ገንዘባችን ዋናው ነገር የተጻፈው ግን እዚያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ማኅበር ነው። እኛም ሂሳባችንን ወደ አዲስ ደረጃ ልናሸጋግር ነው። በሽግግሩ ቁጥሮች ይለወጣሉ። ቁጥር ተለውጦ ምክንያቱ ካልተነገረ ሐሜት ይነሳል፤ ሐሜት ደግሞ ከሌባ ይልቅ ማኅበር አፍርሷል። ስለዚህ ዛሬ የሌሎችን መንገድ አይተን ለራሳችን የሚሆነውን እንወስናለን።

ደረጃው ምንድን ነው?

የሂሳብ ደረጃ ማለት የጋራ መስፈሪያ ማለት ነው። ገበያ ላይ አንዷ በትልቅ ጣሳ፣ ሌላዋ በትንሽ ጣሳ ሰፍራ ብትሸጥ የቱ እንደሚረክስ ማወቅ አንችልም። ድርጅቶችም ትርፋቸውንና ዕዳቸውን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጣሳ ቢሰፍሩ ገንዘባችንን የት ብናስቀምጥ እንደሚሻል ማወዳደር አንችልም።

በአገራችን ይህ የጋራ መስፈሪያ ሕግ የሆነው በፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ትልልቅና የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ፣ ማለትም አይኤፍአርኤስን፣ በሙሉ እንዲከተሉ ተደረገ። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ከዚያው የተቀዳ ቀለል ያለ ደረጃ ተመደበ። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ደግሞ አይፕሳስ የተባለው፣ በመጀመሪያ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ደረጃ ተመረጠ። ሽግግሩ በአንድ ቀን አልተደረገም፤ በዙር ተከፍሎ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ቀደሙ።

ባንኮቻችን እንዴት ተሻገሩ?

ብዙዎቹ ባንኮች በአዲሱ ደረጃ የተዘጋጀ የመጀመሪያ ሙሉ ሪፖርታቸውን ያቀረቡት ለ2010 በጀት ዓመት ነው። ሥራው የተጀመረው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ደረጃው «ዘንድሮን ብቻ በአዲሱ አሳዩኝ» አይልም። የአምናውን ቁጥር ከዘንድሮው ጎን፣ በአንድ መስፈሪያ ተሰፍሮ ማየት ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ የአምናው ዓመት መነሻ ቀን፣ ሐምሌ 1 ቀን 2008፣ ያለው ሀብትና ዕዳ ሁሉ በአዲሱ መንገድ እንደገና መቆጠር ነበረበት። የዚያን ዓመት መጽሔት ያስቀመጣችሁ አባላት አውጥታችሁ እዩት፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫው እንደ ወትሮው ሁለት ሳይሆን ሦስት ዓምድ አለው።

በዚያ ሪፖርት ውስጥ ከሁሉም በላይ መነበብ የነበረበት ማስታረቂያ የሚባለው ሠንጠረዥ ነው። ከላይ በድሮው ስሌት የነበረው ካፒታል ይጻፋል፤ ከሥሩ እያንዳንዱ ለውጥ በመስመር በመስመር ይደመራል ወይም ይቀነሳል፤ ከታች በአዲሱ ስሌት የተገኘው ካፒታል ይወጣል። ለትርፉም እንዲሁ ይደረጋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የቁጥር ለውጥ ሥሩ የሚገኘው እዚህ ነው።

በመስመሮቹ ውስጥ ምን ነበር? ጥቂቶቹን እንጥቀስ። ብዙ ድርጅቶች የሕንፃና የኮምፒውተር የእርጅና ተቀናሽ ይሠሩ የነበረው የግብር ሕጉ ባስቀመጠው መቶኛ ነበር። አዲሱ ደረጃ ግን «ይህ ዕቃ በእውነት ስንት ዓመት ያገለግላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጡት የቤትና የመኪና ብድርም በገበያው ወለድ ተመዝኖ ልዩነቱ የሠራተኛ ጥቅማጥቅም ሆኖ እንዲታይ ተደረገ። ሠራተኛ ሲለቅ የሚከፈለው የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ቀኑ እስኪደርስ ሳይጠበቅ፣ ሠራተኛው ባገለገለ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ። ከነዚህ በአንዱም ምክንያት አንድ ብር ከካዝና አልወጣም፤ አንድ ብርም አልገባም። የተለወጠው የምናየው ሥዕል ነው።

ብድርና ኪራይ

ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ደረጃዎች በተከታታይ መጡ። የመጀመሪያው ቁጥር 9 የሚባለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 1 ቀን 2018 በኋላ ለሚጀምር የሂሳብ ዓመት የሚሠራ ስለነበር በእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ማለት ነው። የድሮው ደረጃ ባንክ ብድሩ የመበላሸት ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ኪሳራ እንዳይመዘግብ ያደርግ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲደርስ «ዘግይቶ የሚያስጠነቅቅ» ተብሎ የተወቀሰው በዚህ ነው። አዲሱ ግን ብድሩ በተሰጠበት ቀን «ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ላይመለስ ይችላል?» ብሎ አስቀድሞ መጠባበቂያ ያስይዛል።

በምሳሌ እንየው። አንድ አበዳሪ ለ1,000 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 10,000 ብር አበደረ እንበል፤ በጠቅላላው 10 ሚሊዮን ብር። በሚቀጥሉት 12 ወራት ከመቶ ሁለቱ መክፈል ያቅታቸዋል፣ ከእነሱም ማስያዣ ተሸጦ ግማሹ ይመለሳል ተብሎ ቢገመት መጠባበቂያው 100,000 ብር ነው። የተበዳሪዎቹ ሁኔታ በጣም ከተባባሰ ግን ግምቱ የ12 ወር መሆኑ ይቀርና እስከ ብድሩ ማብቂያ ይዘልቃል። በዚያ ጊዜ ከመቶ ስድስቱ ያቅታቸዋል ቢባል መጠባበቂያው 300,000 ብር ይሆናል። ደረጃው፣ ባንኩ ተቃራኒውን በማስረጃ ካላሳየ በቀር፣ ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ሲዘገይ ሁኔታው እንደተባባሰ፣ 90 ቀን ሲሞላው ደግሞ ብድሩ እንደተበላሸ ይቆጥረዋል።

ልብ በሉ፤ «ከመቶ ሁለት» የሚለው ግምት ነው። ሁለት የነበረው አንድ ቢባል ትርፉ ወዲያው ያምራል። ስለዚህ ባንኩ ግምቱን በምን ላይ እንደመሠረተ፣ ኢኮኖሚው ቢከፋ መጠባበቂያው ምን ያህል እንደሚጨምር በማብራሪያው እንዲጽፍ ይገደዳል። በአገራችን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የራሱ የመጠባበቂያ ስሌት አለው። የእሱ ስሌት ከደረጃው ከበለጠ ልዩነቱ ካልተከፋፈለው ትርፍ ተነሥቶ ለባለአክሲዮን በማይከፋፈል የቁጥጥር መጠባበቂያ ውስጥ ይቀመጣል። «ትርፉ ጨምሮ ሳለ የእኛ ድርሻ ለምን አነሰ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልሱ አንዳንድ ጊዜ እዚህ ይገኛል።

ሁለተኛው ቁጥር 16፣ ስለ ኪራይ የወጣው ነው። በእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሊሠራበት የሚገባ ነበር። ቀድሞ አንድ ድርጅት ሱቅ ወይም ቢሮ ለአምስት ዓመት ቢከራይ በየዓመቱ የከፈለውን ብቻ ወጪ ይጽፍ ነበር። ቀሪውን አራት ዓመት የመክፈል ግዴታ በዕዳ መዝገቡ ላይ አናየውም ነበር። አሁን ቤቱን የመጠቀም መብት ሀብት፣ የሚከፈለው ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል።

ኪራዩ በዓመት 120,000 ብር፣ በየዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል፣ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን፣ የአምስቱ ዓመት ክፍያ ዛሬ ሲመዘን ወደ 402,000 ብር የሚጠጋ ዕዳ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 60,000 ብር ገደማ ወለድና 80,000 ብር ገደማ የእርጅና ተቀናሽ ይጻፋል፤ ድምሩ ከ140,000 ብር ትንሽ ይበልጣል። የተከፈለው ግን ያው 120,000 ነው። በአምስተኛው ዓመት ወጪው ወደ 96,000 ይወርዳል። አምስቱ ዓመት ሲደመር ያው 600,000 ብር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ቢቀንስ ሥራ አስኪያጁን «አከሰርከን» ማለት አይገባም፤ በአምስተኛው ዓመት ቢጨምርም ለሽልማት መጣደፍ የለብንም።

የእኛ አገር ባንኮች የቅርንጫፍ ኪራይ ለብዙ ዓመት በአንድ ጊዜ አስቀድመው የመክፈል ልማድ ነበራቸው። አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ወደፊት የሚከፈል ዕዳ አይሆንም፤ ከ«ቅድሚያ ክፍያ» ወደ «የመጠቀም መብት» ስሙን ይለውጣል እንጂ። ስለዚህ ያው ደረጃ በሁለት ድርጅቶች ላይ ሁለት የተለያየ መልክ ይይዛል። ከውጭ አገር ምሳሌ ገልብጦ «ተጽዕኖው ይህ ነው» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሦስት የመሸጋገሪያ መንገዶች

አዲስ ደረጃ ሲመጣ ድርጅት የሚሸጋገርበት መንገድ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ጭምር በአዲሱ መልሶ መሥራት ነው፤ አድካሚ ነው፣ ለአንባቢ ግን ይመቻል። ሁለተኛው ያለፈውን ዓመት እንዳለ ትቶ የተጠራቀመውን ልዩነት በዓመቱ መነሻ ቀን ካልተከፋፈለው ትርፍ ላይ መደመር ወይም መቀነስ ነው። ሦስተኛው ከዛሬ ጀምሮ ላለው ብቻ አዲሱን መጠቀም ነው። የትኛው እንደሚፈቀድ የሚናገረው ደረጃው ራሱ ነው፤ አንዳንዴም ምርጫ ይሰጣል።

ሁለተኛው መንገድ ሲመረጥ ባለአክሲዮን ዓይኗን መክፈት አለባት። የአምናውና የዘንድሮው ዓምድ ጎን ለጎን ቢቆሙም በአንድ ጣሳ የተሰፈሩ አይደሉም። ልዩነቱም በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ካፒታል ስለሚገባ ትርፉን ብቻ የምታይ ሰው ጨርሶ አታገኘውም። «በካፒታል ላይ የታየ ለውጥ» የሚለውን መግለጫ የመጀመሪያ መስመሮች ማየት ያስፈልጋል።

ገና ያልደረሰው ደረጃ

ማሳወቅ ደረጃው ሥራ ላይ ሲውል አይጀምርም። የወጣ ነገር ግን ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ደረጃ ካለ፣ ድርጅቱ ስሙን፣ ጊዜውንና ሊያስከትል የሚችለውን ተጽዕኖ የሚያውቀውን ያህል አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ይህ በአይኤፍአርኤስ የተጻፈ ግዴታ ነው። በአሜሪካም የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ሠራተኞች እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ1987 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቁ ቆይተዋል።

በተግባር ብዙ መጽሔት ላይ የምናገኘው ግን አንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ድርጅቱ የአዲሱን ደረጃ ተጽዕኖ በመገምገም ላይ ይገኛል» ይላል። ደረጃው ገና እንደወጣ እንዲህ ቢባል ያስኬዳል። ደረጃው ሊጀምር ስድስት ወር ሲቀረውም ያው ዓረፍተ ነገር ከተደገመ ግን ወይ ሥራው አልተጀመረም፣ ወይ ውጤቱ እንዲነገር አልተፈለገም። ጥሩ ማሳወቂያ በየዓመቱ እየጠራ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የትኛው የሂሳብ ክፍል እንደሚነካ፣ ቀጥሎ የትኛው የመሸጋገሪያ መንገድ እንደተመረጠ፣ በመጨረሻ በብር ስንት እንደሆነ ይናገራል።

አሁን በመንገድ ላይ ያለው ቁጥር 18 ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 2024 የወጣ ሲሆን ከጥር 1 ቀን 2027 በኋላ ለሚጀምር ዓመት ይሠራል። በእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ይጀምራል ማለት ነው። ይህ ደረጃ የትርፉን መጠን አይለውጥም፤ የትርፉን አቀማመጥ እንጂ። ገቢና ወጪ ከዋናው ሥራ፣ ከኢንቨስትመንትና ከፋይናንስ ምንጭ በሚሉ ክፍሎች ይለያል። «ከሥራ የተገኘ ትርፍ» የሚለው ድምርም ለሁሉም አንድ ትርጉም ይኖረዋል። አመራሩ በራሱ መንገድ ያስተካከለውን ትርፍ ለሕዝብ ከተናገረ ደግሞ ከደረጃው ቁጥር ጋር አስታርቆ ማሳየት ይኖርበታል። ያለፈው ዓመት ቁጥርም በአዲሱ አቀማመጥ መቅረብ ስላለበት የማነጻጸሪያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2018 ይጀምራል። ስለዚህ ባለአክሲዮን የሆናችሁ አባላት በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ «ስለ ቁጥር 18 ምን ጽፋችኋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከጥር 2017 ወዲህ ሥራ በመጀመሩ ይህን መሰሉ መረጃ ከአክሲዮን ዋጋ ጋር በቀጥታ መያያዙ አይቀርም።

አራት ጥያቄዎች

ሒሳብ ያልተማረች አባልም ልትጠይቃቸው የምትችላቸውን በአጭሩ እናስቀምጥ። አንደኛ፦ ዘንድሮ የተቀበላችሁት አዲስ ደረጃ አለ ወይ? ሁለተኛ፦ በእሱ ምክንያት ብቻ ካፒታሉና ትርፉ በስንት ብር ተለወጠ? ሦስተኛ፦ የአምናው ቁጥር በአዲሱ ተስተካክሏል ወይስ እንደነበረ ነው? አራተኛ፦ ገና ያልደረሰው ምንድን ነው፣ ምን ያህልስ ይነካናል? እነዚህን ለመጠየቅ የአንድ አክሲዮን ባለቤት መሆን ይበቃል።

የእኛ ማኅበር

ሌላውን የጠየቅነውን ራሳችንም ልንመልሰው ይገባል። እስከ ዛሬ የማኅበራችን ሂሳብ የተያዘው ገንዘብ ሲገባ ገቢ፣ ሲወጣ ወጪ እያልን ነው። ወደ አይፕሳስ ስንሻገር ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው የለጋሾች ገንዘብ ነው። ለምሳሌ በግንቦት ወር ለ12 ወር ሥልጠና 600,000 ብር ቢሰጠን፣ «ለታሰበው ሥራ ካልዋለ ይመለስ» የሚል ግዴታም ቢኖርበት፣ እስከ ሰኔ 30 የ100,000 ብሩን ሥራ ብቻ ከሠራን ገቢያችን 100,000 ነው። ቀሪው 500,000 ብር በባንክ ቢኖርም ሥራው እስኪሠራ ዕዳችን ነው። በድሮው ስሌት ሙሉው 600,000 ገቢ ይባል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ ተራፊያችን ቀንሶ ይታያል፤ «ገንዘቡን ማን በላው?» የሚል ድምፅም ሊነሳ ይችላል። ማንም አልበላውም፤ ባንክ ነው ያለው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ነገ በር ላይ እንዳይጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ንብረታችን ነው። በስጦታ ያገኘናቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶች፣ ወፍጮውና የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ተቆጥረው፣ ዋጋ ወጥቶላቸው፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ ተገምቶ ይመዘገባሉ። ደረጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሻገር ድርጅት አንዳንድ ሀብቶችን አጠናቆ እስኪመዘግብ እስከ ሦስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። በእፎይታው ከተጠቀምን ግን መጠቀማችንንና ምን እንደቀረን በሪፖርቱ መጻፍ አለብን።

ሦስተኛው ተዘዋዋሪ ብድራችን ነው። የትኛዋም አባል በስሟ አትነሳም። ነገር ግን የዘገየው ብድር በ30 ቀን፣ በ90 ቀንና ከዚያ በላይ ተለይቶ በጥቅል ይታያል፤ መጠባበቂያም ይያዝለታል። መጠባበቂያ መያዝ ብድርን መማር አይደለም። ዕዳው እንዳለ ነው፤ አስቀድመን ለክፉ ቀን መዘጋጀታችን ብቻ ነው።

እንግዲህ የሂሳብ ክፍሉ ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ የድሮውና የአዲሱ ቁጥር ማስታረቂያ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በዚህ ጋዜጣችን ላይ ይታተም። ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶቻችን በየቡድኑ ስብሰባ በቃል ይነበብ። ለለጋሾቻችንም ሪፖርቱ ከመድረሱ በፊት የሚለወጡትን መስመሮች የሚዘረዝር ደብዳቤ ይላክ። ከኦዲተሩ ጋር ያልተስማማንበት ግምት ካለም ግምቱና ምክንያቱ ይጻፍ።

ይህ ሥራ ወረቀት ያበዛል፤ ጊዜም ይወስዳል። ንብረት ለመቁጠር ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሴቶች ያስፈልጉናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ቆጠራውን ብንካፈለው በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለቡድን መሪዎቻችሁ አስመዝግቡ።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።